ተሳቢና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ከደብረ ብርሃን ጓሮ የጂኦፎን ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ፣ 2017

ጂኦፎኑ ዛሬ ጓሮ ተቀበረ። መረሬውን ቆፍሬ ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ በትንሽ ሲሚንቶ አስቀመጥኩት፣ ከባሕር ዛፎቹም በተቻለኝ መጠን አራቅኩት፣ ምክንያቱም ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዘው ሥሩ መሬቱን ይዞ ይነቀንቀዋል፣ የደብረ ብርሃንን የማታ ነፋስ ደሞ ታውቁታላችሁ። እማዬ በር ላይ ቆማ "ምን ልትቀብር ነው?" አለችኝ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ነው ስላት "አንተ ደሞ፣ እሱ ሲመጣ ማን መለኪያ ያስፈልገዋል" ብላ ገባች። ለትልቁስ እውነቷን ነው። እኔ ምፈልገው ትንንሹን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ፣ ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መሃል ማግማ ከሥር እየሰነጠቀ ሲገባ ያ አገር አላርፍ ብሏል፣ ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የመጣው መጠኑ 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ደሞ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከአልጋ አስነስቷል። ከኛ በቀጥታ ሲለካ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ አንኮበር ገደሉ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው ለሚያይማ ጎረቤት ነው።

ዕቃው ይሄ ነው። ጂኦፎኗ አውራ ጣት የማትሞላ ቆርቆሮ ናት፣ ውስጧ ማግኔት አለ፣ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ማግኔቱ አብሮ ይሄዳል ጥቅሉ ወደኋላ ይቀራል፣ በመሃል ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ በቃ። የኔዋ 4.5 ሄርዝ የሚሏት ናት (ሄርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው)። መሬቱ በሰከንድ 1 ማይክሮሜትር ሲንቀሳቀስ ወደ 28 ማይክሮቮልት ትሰጣለች፣ ስለዚ ጥሩ ኤዲሲ (ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) ግድ ነው፣ ባለ 24 ቢቱን ኤዲኤስ1256 ነው ያደረኩት። ከሱ ወደ ኢኤስፒ32 (ትንሽዬ ኮምፒውተር በሉት)፣ ከዛ ኤስዲ ካርድ፣ ሰዓቱ ከጂፒኤስ፣ ባትሪው የሞተር ሳይክል ሆኖ በትንሽ ሶላር ይሞላል። በሰከንድ 500 ሳምፕል (ንባብ) እወስድና በሶፍትዌር ወደ 100 አወርደዋለሁ። ስታወርዱ መጀመሪያ ሎው ፓስ ፊልተር (ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚያስቀር) አድርጉ፣ አለዚያ ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተር 60 ሄርዝ ላይ ሲያጓራ እናንተ ጋር 40 ላይ ተገልብጦ ይመጣና የሌለ ነገር ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

በዛው ሳምንት

ዳታውን ከፈትኩት። መኪና። ከመኪና በኋላ መኪና። ቤታችን ከደሴ መንገድ ብዙም አይርቅም፣ ወደ ጣርማበር የሚሄድ ተሳቢ ሁሉ በኔ ኤስዲ ካርድ ላይ ፈርሞ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም የሚጀምርበትን ነው፣ የ1 ሰከንዱን አማካይ ኃይል ለ30 ሰከንዱ አማካይ አካፍል፣ ውጤቱ ከ4 ካለፈ አንድ ነገር መጥቷል በል። ፀጥ ያለ ተራራ ላይ ይሄ ይበቃል። እዚ ግን ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ገደቡን ከፍ ሳደርገው ተሳቢው አልፎ ይጮሃል፣ ትንንሹ መንቀጥቀጥ ግን ሥሩ ሾልኮ ይቀራል። ነገሩ ግልጽ ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር ላይ የተነሳ ትንሽ መንቀጥቀጥና መቶ ሜትር ላይ የሚያልፍ 40 ቶን በጉልበት ሲለኩ መኪናው ነው የሚያሸንፈው። በጩኸት መጠን መለየት አይሆንም። በቅርጽ መሆን አለበት።

ስለዚ ስፔክትሮግራም። ተራው የፎሪየር ትራንስፎርም በአንድ ሰዓት ዳታ ውስጥ ምን ያህል 12 ሄርዝ እንዳለ ይነግርሃል፣ መቼ እንደነበረ ግን አይነግርህም። ስለዚ ሲግናሉን በአጭር በአጭር ቆርጠህ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሃን በሚባለው ማለስለሻ አለስልሰህ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው ትራንስፎርም ታደርግና ጎን ለጎን ትደረድረዋለህ፣ አግድሙ ጊዜ፣ ቁመቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ቀለሙ ጉልበት። በፓይተን ሳይፓይ አንድ መስመር ኮድ ነው። ጣጣው ቁራጩ (ዊንዶው የሚሉት) ምን ያህል ይርዘም የሚለው ላይ ነው።

10 ሰከንድ ሳደርገው በ0.1 ሄርዝ ልዩነት መለየት ቻልኩ፣ ሥዕሉ እንዴት ያምራል፣ 24 ሄርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነች አግድም መስመር ሳይቀር ወጣች (ምን እንደሆነች በኋላ)። ግን ችግር አለ። ከፈንታሌ አካባቢ የሚመጣ ሞገድ ሁለት ሆኖ ነው የሚደርሰን፣ ፈጣኑ ፒ መጀመሪያ፣ ዘገምተኛው ኤስ ከሱ በኋላ፣ በመሃላቸው ያለው ሰከንድ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል፣ ለኛ እንግዲህ ወደ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ዊንዶው 10 ሰከንድ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ተለውሰው አንድ ትልቅ ደመና ይሆናሉ፣ ርቀቱን ከየት ታመጣለህ? ወደ 1 ሰከንድ ሳወርደው ፒና ኤስ እንደሚለያዩ ግልጽ ነው፣ ክሯ ግን ወፍራም ገመድ ሆነች፣ አሁን የምለየው በ1 ሄርዝ ነዋ፣ ከሃኑ ጋር እንደውም ከዛም ይብሳል። ሁለቱንም ባንዴ ማግኘት አይቻልም። ይሄ የላፕቶፕ አቅም ጉዳይ አይደለም፣ የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በ1946 እ.ኤ.አ. ወሰኑን በሒሳብ አስቀምጦታል፣ የጊዜው ስፋትና የፍሪኩዌንሲው ስፋት ተባዝተው ከተወሰነ ቁጥር በታች አይወርዱም። ኢንተርኔት ላይ "ምርጡ ዊንዶው ስንት ነው" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይ አሁን አሁን ይገርመኛል፣ ምርጥ የሚባል የለም፣ ምን ልታይ ነው የፈለከው ነው ጥያቄው። እኔ ሁለቱንም ሥዕል አውጥቼ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጌ ነው የማየው።

የ24 ሄርዟ መስመር

ጠዋት ትጀምራለች፣ ለምሳ ሰዓት ትጠፋለች፣ እሑድ የለችም። ይሄን ሳይ ገባኝ፣ ሁለት አጥር አልፎ ያለው ወፍጮ ቤት ናት። ሞተሩ ባለ 4 ፖል ነው፣ በ50 ሄርዝ መብራት ባዶውን ሲዞር በደቂቃ ወደ 1,500 ይጠጋል፣ ማለትም 25 ሄርዝ፣ ጭነት ሲበዛበት ደሞ ወደኋላ ይቀርና 1,440 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም 24። የ10 ሰከንዱ ዊንዶው ላይ ይሄ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ እህሉ ሲገለበጥ መስመሯ ጎንበስ ትላለች፣ እያለቀ ሲሄድ ቀና ትላለች። ገብሱ ሲሆን ትንሽ ነው የምትጎነበሰው። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ከወትሮው በጣም ወርዳ ቆየች፣ በማግስቱ ማታ ባለቤቱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሳገኛቸው

"ጋሼ ትናንት ከሰዓት ጠንከር ያለ ነገር ሲፈጩ ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"የሽሮ አተር ነዋ፣ ማን ነገረህ?"

መሬቱ ነው ብዬ ልመልስ አሰብኩና ስለ መለኪያው አስረዳኋቸው፣ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "ታዲያ ይቺ ኩሽኔታ ልታልቅ ስትል ትነግርሃለች?" አሉኝ። ጥያቄው ከኔ ፕሮጀክት ሁሉ ይሻላል፣ መልሱም አዎ ነው፣ ለዛ ግን ጂኦፎን ከጓሮ ሳይሆን ሴንሰሩን ሞተሩ ላይ መለጠፍ ነው። አንድ ቀን እሰራላቸዋለሁ።

ማጥፋቱ ቀላል ሆነ። ወፍጮ ረጅም ጊዜ ባንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቀመጣል፣ መንቀጥቀጥ ቶሎ መጥቶ ይሄዳል። ስለዚ ለእያንዳንዱ የፍሪኩዌንሲ ረድፍ የ5 ደቂቃ ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ወስጄ በሱ አካፈልኩት። አማካይ ሳይሆን ሚዲያን፣ አማካይ ከሆነ አንድ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ያበላሸዋል፣ ሚዲያን ግን ከግማሽ በታች ለሚቆይ ነገር ደንታ የለውም። መስመሯ ጠፋች። እዚ ላይ ባለ 1 ሰከንዱ ወፍራም ሥዕል ጠቀመኝ፣ መስመሯ ጎንበስ ቀና ብትልም ያው ረድፍ ውስጥ ናት፣ በቀጭኑ ሥዕል ቢሆን ከረድፍ ረድፍ እየዘለለች ታመልጠኝ ነበር።

ከጥምቀት ማግስት

ጥምቀትን ዳታው ላይ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ቸኩዬ ነበር። ከበሮው ይወጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ የወጣው ግን እግሩ ነው፣ ታቦቱ ሲመለስ ወጣቱ "ሆ" እያለ የሚዘለው። በ2፣ በ4፣ በ6 ሄርዝ እኩል ርቀት ላይ የተደረደሩ መስመሮች፣ ደስ ሲል። ሰው ሁሉ በሰከንድ ሁለቴ ነው የሚረግጠው፣ ግን መርገጥ ለስላሳ ሞገድ አይደለም ድንገተኛ ምት ነው፣ ድንገተኛ ምት በእኩል ጊዜ ሲደጋገም ደሞ ፎሪየር ላይ ብዜቶቹን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የሚገርመው 2 ላይ ያለው መስመር ከ4ና ከ6ቱ ይደበዝዛል። ሰው ጎድሎ አይደለም፣ ጂኦፎኗ ከ4.5 በታች ጆሮዋ ይደክማል፣ 2 ሄርዝ ላይ የምትሰጠው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። በቀለሙ ድምቀት ብቻ የሚፈርድ ሰው ዋናው 4 ነው ይል ነበር። ሥዕል ከማመን በፊት ሴንሰሩ ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይሰማ ማወቅ ነው።

ጥር ማለቂያ

መብራት ጠፋ። አይዞህ እንዳትሉኝ፣ ደስ ብሎኛል!

ሥዕሉ ላይ የጠፋበት ሰከንድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ከሽቦ የሚገባው የ50 ሄርዝ ጩኸት ጥሬው ዳታ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። የወፍጮዋ መስመር ግን ወዲያው አልቆመችም፣ ሞተሩ መብራት ባይኖረውም ድንጋዩ ገና ይዞራልና ከ24 ጀምራ እየተጠማዘዘች ወደታች ወረደች፣ 12 አካባቢ ስትደርስ ለአፍታ ደመቀች (ወለሉ ወይ የሞተሩ መቀመጫ እዛ ፍሪኩዌንሲ ላይ አብሮ ሳይደንስ አይቀርም)፣ ከዛ ደብዝዛ ታች ጠፋች። ደጋግሜ ነው ያየኋት። ባንድ መስመር አንድ ከባድ ነገር ሲቆም ማየት ማለት ነው፣ ይሄ ተራ ፎሪየር ላይ በጭራሽ አይወጣም፣ እዛ ላይ ከ0 እስከ 24 የተረጨ ጭጋግ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዛ መብራት በሌለበት፣ መንገዱም ጋብ ባለበት ሌሊት፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ መንቀጥቀጥ አገኘሁ። ማንም አልተሰማውም፣ እኔም ተኝቼ ነበር። ሥዕሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ባንዴ የቆመ ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ከ3 እስከ 20 ሄርዝ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው የበራው፣ ይሄ ፒ ነው። ወደ 10 ሰከንድ ቆይቶ ሁለተኛ ጠርዝ፣ ከመጀመሪያው የደመቀና ወደ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ያደላ፣ ኤስ። ከሱ በኋላ ጅራቱ፣ ጅራቱ ደሞ ከላይ ነው መጥፋት የሚጀምረው፣ 20ው ቶሎ ይሞታል፣ 10ሩ ይከተላል፣ 4ና 5ቱ ቆይተው ነው የሚለቁት፣ ምክንያቱም መሬቱ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ሞገድ ቶሎ ይውጠዋል።

ተሳቢውን ከጎኑ አስቀምጡት። ከ5 እስከ 15 ሄርዝ ያለው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ይመሳሰላሉ። ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም፣ መኪና ከሩቅ እየቀረበ ነው የሚመጣው እንጂ ከሰማይ አይወድቅም። ጉብታ ላይ ሲዘል ብቻ አጭር ምት ይሰጣል፣ እሱም ሁለተኛ ጠርዝና ጅራት የለውም። በጉልበት ያልተለየኝ ነገር በቅርጽ ሲለይ ይሄው ነው።

ለቅሶ ቤት

ይሄ ከዳታው ውጪ ነው ግን ልጻፈው። ለቅሶ ቤት ከማጀቴ የመጡ አንድ አባት አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ወሬው ያው መሬት መንቀጥቀጥ ነው፣ እሳቸው "ይሄ ምን አላት" አሉ፣ በ1953 ልጅ ሆነው ማጀቴ ነበሩ። የዛን ጊዜው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሙሉ በሙሉ ነው ያፈረሳት፣ ካራ ቆሬም ላይ ከቤቱ 45 በመቶው ወድቋል። "ያኔ አንቱ ምን ትዝ ይልዎታል?" አልኳቸው። "መጀመሪያ መሬቱ አጉረመረመ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ፣ ውሻው ሁሉ ጮኸ፣ ከዛ ነው ያንገላታን" አሉ። እንግዲህ ይሄ ፒ እና ኤስ ነው። ፒ መሬቱን እየጨመቀ እየለቀቀ ስለሚሄድ ከመሬት ወደ አየር ሲወጣ ድምፅ ሆኖ ይሰማል፣ የሚያንገላታው ኤስ ከኋላ ነው። ቅርብ ስለነበሩ በመሃሉ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሆን ነው፣ ቢሆንም ከስንት ዓመት በኋላ ሁለቱን ለይተው ያስታውሳሉ።

የካቲት 8

ትናንት ማታ መጠኑ 6 አካባቢ የሆነው መንቀጥቀጥ መጣ፣ እዚህም ሰው ሁሉ ወጣ። ዳታው ግን የሚያሳዝን ነው፣ ኤዲሲው ላይ ማጉያውን 64 አድርጌ ስለነበር ከ78 ሚሊቮልት በላይ አይቀበልም፣ ይሄ በሰከንድ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚ ሞገዱ ጫፉ ተቆርጦ ጠረጴዛ ሆኗል። ስፔክትሮግራሙ ሲታይ ደሞ እስከ 50 ሄርዝ ድረስ ቀይ በቀይ። አትመኑት፣ የተቆረጠ ሞገድ ሹል ጠርዝ አለው፣ ሹል ጠርዝ የሌለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይወልዳል። ማጉያውን ወደ 8 አውርጄዋለሁ፣ አሁን በሰከንድ 22 ሚሊሜትር ድረስ ይሸከማል፣ ለትንንሹ የሚጎዳኝ እምብዛም ነው፣ የመንገዱ ኖይዝ (የማይፈለገው ጩኸት) ከኤዲሲው ኖይዝ በብዙ ይበልጣልና።

መጋቢት

ወደ ዌቭሌት ገባሁ። ዣን ሞርሌ የሚባል ፈረንሳዊ የነዳጅ ፍለጋ ጂኦፊዚክስ ባለሙያ ነው ያመጣው፣ ከአሌክስ ግሮስማን ጋር የጻፉት በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ችግሩም የኔው ዓይነት ነበር፣ ከመሬት ሥር የሚመለስ ሞገድ ላይ አንድ ዊንዶው ለሁሉም አልመጥን ሲለው። ዌቭሌት ለከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ አጭር ቁራጭ፣ ለዝቅተኛው ረጅም ቁራጭ ይጠቀማል። ከጋቦር ወሰን አያመልጥም፣ ግን ወሰኑን እየለዋወጠ ያከፋፍለዋል፣ ለመንቀጥቀጥ ደሞ ይሄ ይስማማዋል፣ የፒ ጠርዝ 15 ሄርዝ ላይ በደንብ ስለት ያወጣል፣ ጅራቱም ታች ላይ አይበጣጠስም።

ኖይዙን ለመቁረጥ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹን የዶኖሆንና የጆንስቶንን ገደብ ሞከርኩ፣ የኖይዙ ስፋት ሲባዛ በሁለት እጥፍ የሳምፕሉ ብዛት ሎጋሪዝም ስኩዌር ሩት። ለ1 ደቂቃ ዳታ 6,000 ሳምፕል ነው፣ ሲሰላ 4.17 እጥፍ ይመጣል፣ ከዛ በታች ያለውን ዜሮ አድርግ። የኖይዙ ስፋት በሚዲያን ነው የሚገመተው፣ ፍጹም ዋጋቸውን ሚዲያኑን ለ0.6745 ማካፈል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ፎርሙላው ሲሠራ ኖይዙ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ነው ተብሎ ነው። የደሴ መንገድ እንዲህ አያውቅም፣ ከ5 እስከ 15 ያለው ከሌላው በብዙ ይበልጣል። ለሁሉም አንድ ስፋት ካደረጋችሁ የተሳቢው ክልል ላይ ገደቡ ያንሳል፣ ፀጥ ያለው ክልል ላይ ያለው የፒ ጠርዝ ደሞ ይቆረጣል፣ ማለትም የሚፈለገው ወጥቶ የማይፈለገው ይቀራል። በየክልሉ ለየብቻ ገምቱ። ከዛ በኋላ ነው ሥዕሉ የጸዳው።

እውነት ለመናገር ግን ዌቭሌቱን ለማየት እወደዋለሁ እንጂ ለመለየት የምጠቀመው ስፔክትሮግራሙን ነው። ቀላል ነው፣ ኢኤስፒው ራሱ ሊሠራው ይችላል፣ ሲሳሳትም የት እንደተሳሳተ ይገባኛል።

ሚያዝያ

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለ 1 ሰከንድ ዊንዶው፣ የ5 ደቂቃ ሚዲያን ተካፍሎለት፣ ከ3 እስከ 20 ሄርዝ ያለው በ6 ክልል ይከፈላል። በእያንዳንዱ ክልል ያው የ1 ለ30 ሰከንዱ ማካፈል፣ ግን ቢያንስ 4 ክልሎች በ2 ሰከንድ ውስጥ አብረው ካልዘለሉ ዝም። ከዘለሉ ቀጣዮቹን 15 ሰከንዶች ይጠብቃል፣ ሁለተኛ ዝላይ ከመጣ መዝግብ፣ ካልመጣ ጉብታ ወይ በር ሲወረወር ነው። ተሳቢዎቹ ማታለል ትተዋል ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ባንዴ ሲመጣ ነው፣ ተሳቢ እያለፈ መንቀጥቀጥ ከመጣ ፒው ይዋጣል፣ ኤስ ብቻ ይወጣል፣ ያንን ለጊዜው "ምናልባት" በሚል ፎልደር አስቀምጣለሁ።

በቅርቡ የሚመጣው ፈተና ክረምቱ ነው። በልጉ ላይ እንዳየሁት ዝናብ ሲጀምር በሁሉም ክልል ባንዴ ይዘላል፣ በረዶ የቀላቀለማ ይብሳል፣ ግን ጅራቱ ከላይ ወደታች አይሞትም፣ ከ20 ሄርዝ በላይ ያለው ጭራሽ ይጨምራል። ስለዚ ሰባተኛ ክልል ከ30 እስከ 45 ጨምሬ እሱ ከበረታ ዝናብ ነው እንዲል እያደረኩ ነው። ሁለተኛዋ ጂኦፎን ደሞ አንኮበር አክስቴ ቤት ትሄዳለች፣ እዛ ለዶፈን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በፒና በኤስ መሃል ከ6 እስከ 7 ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ ሁለቱ ጣቢያ ላይ ባንድ ጊዜ የታየ ነገር ተሳቢ የሚሆንበት መንገድ የለም። አክስቴ ፈቅዳለች፣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት በኩል እንዳልቀብረው።